ለማላውቃት ልጅ የተላከ ሽሮ

ሽሮ ሕይወቴን አተረፈው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅ። እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

መተማ ዮሐንስ የደረስኩት ከወሎ ተነስቼ ነው። መጀመሪያ ገንዳ ውሃ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ እሠራ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ሥራዬም አብሮ አለቀ። ባዶ እጄን አገር ቤት መግባቱን ደግሞ አፈርኩት። ያገርሽ ልጅ ነኝ ያለ ደላላ ያገኘኝ ያኔ ነው። ምላሱ ማር ነው። "እህቴ" እያለ ካርቱም ውስጥ ደህና ቤት፣ ደግ እመቤትና የራሴ ክፍል እንደሚጠብቁኝ ነገረኝ። መታወቂያዬንም "መንገድ ላይ እንዳይጠፋብሽ" ብሎ ተቀበለኝ። እኔ ሞኟ አመስግኜ ሰጠሁት።

መኪና እስኪገኝ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረብኝ። መናኸሪያው አጠገብ ስልክ በነጻ ቻርጅ የሚደረግባት የቆርቆሮ ክፍል አለች ሲሉኝ ሄድኩ። ሁለት ሴቶች የሚያንቀሳቅሷት ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ኖራለች። ከሁለቱ ታላቅየዋ፣ የጎንደር ሴት፣ ወዴት እንደምሄድና ማን እንደሚወስደኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸውና ምክራቸውን ለመስማት ፊቴን ከስክሼ ተቀመጥኩ። ምክር ያናድደኛል። እሳቸው ግን ምንም ሳይመክሩኝ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቋጠሮ አወረዱ።

"መሄድሽ ካልቀረ አደራ ላሲዝሽ ልጄ። ይኸው ያንቺው ሰው አምና የወሰዳት ልጅ አለች። እናቷ ሽሮ ልካላታለች። የገባችበትን ቤት እሱን ጠይቂና በእጇ ስጭልኝ።"

"በምን አውቃታለሁ እትዬ?"

"ፍንጭት ናት። አንዴ ትሳቅልሽ እንጂ አትጠፋሽም።"

ቋጠሮው ከአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት ነው፤ ዙሪያውን በሰማያዊ ክር ተዘምዝሟል። እኛ ቤት መንገደኛ አደራ አልቀበልም አይልም። አባቴ ለማያውቀው ሰው የተላከ አንድ ጣሳ ቅቤ ለማድረስ ሲል ገበያውን ትቶ ግማሽ ቀን የተጓዘ ሰው ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ከልብሴ ጋር ጠቀለልኩት።

በማግስቱ ለደላላው ነገርኩት።

"ሽሮ እዚያም ሞልቷል፣ ተይው" አለኝ እየሳቀ።

"አደራ ነው።"

"እንግዲያው ለኔ ስጭኝ፣ አደርሰዋለሁ።"

"በእጇ ነው የተባልኩት። ቤቷ የት ነው?"

"ቤት ቀይራለች። እኔ ምን አውቄ!"

"አንተ ራስህ ያስገባሃትን ልጅ ቤት ካላወቅህ፣ የኔንስ ማን ሊያውቀው ነው?" አልኩት። ያኔ "እህቴ" ማለቱን ተወና ክንዴን ጨመደደኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፅሽን ቀንሺ ስባል ነው ያደግሁት፤ የዚያን ቀን ግን አልቀነስኩም። "መታወቂያዬን!" ብዬ ስጮህ ባጃጅ ነጂው፣ ባለሱቁ፣ መንገደኛው ሁሉ ወደኛ ዞረ። መታወቂያዬን መሬት ላይ ወርውሮልኝ ከሰው መሃል ጠፋ።

ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ተመለስኩ። "አደራውን አላደረስኩም" አልኳቸው። ከዚያ ሁሉ መሃል ያሳፈረኝ እሱ ነበር። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። "አውቀው ነው አይደል? አታለሉኝ!"

"እናትየዋም እውነት ናት፣ ሽሮውም እውነት ነው" አሉኝ። "አትሂጂ ብልሽ ትሰሚኝ ነበር? አደራውን የሚያደርስ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ግን ሰውየው ልጆቹን የት እንደሚጥላቸው ትጠይቂዋለሽ ብዬ ነው።"

ልክ ነበሩ፤ አልሰማቸውም ነበር። እንዲህ እያሉ ስንቷን እንዳስቀሩ ኋላ አብሬያቸው ስሠራ አየሁ። ሳይሰሙ የሄዱም ነበሩ። እኔን ለማኅበሩ ምግብ እንዳበስል ቀጠሩኝ። ያ ቋጠሮ ግን እኔው ዘንድ ቀረ። ሽሮው እንዳይነቅዝ በየጊዜው አዲስ እያስፈጨሁ እለውጠዋለሁ፤ የከረጢቱን አፍም መልሼ እሰፋዋለሁ።

ከዚያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳና ሰው በገላባት በኩል ይጎርፍ ጀመር። ድንበሩ ላይ ውሃ ስናድል አንዲት ከሲታ ልጅ ኩባያውን ተቀብላ በዓረብኛ "ሹክራን" ብላ አመሰገነችኝ። አማርኛዋ ዘግይቶ ትዝ ሲላት አፍራ ሳቀች። ፍንጭት ናት።

ፍንጭት የሆነች ሁሉ እሷ አይደለችም ብዬ ልቤን ያዝኩ። "እናትሽ ከረጢት ስትሰፋ በምን ክር ነው የምትዘመዝመው?" አልኳት። እብድ ሳልመስላት አልቀረሁም። "በሰማያዊ" አለች።

ሮጬ ከረጢቱን አመጣሁት። ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ፈታ ከሽሮው ቆንጥራ ቀመሰች። "ጎኑ የእናቴ ስፌት ነው" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ሽሮው ግን የሷ አይደለም። አፉንስ ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን።

ከቆርቆሮዋ ክፍል ለእናቷ ደወልንላቸው። ልጅቷ ብዙ ካለቀሰች በኋላ ስልኩን ሰጠችኝ።

"ልጄ፣ አደራዬን አደረስሽልኝ?" አሉ።

"አድርሻለሁ እናቴ። ትንሽ ቆየሁብዎ እንጂ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ምነው፣ አመስጋኟስ እኔ! አንቺ ስለምን ታመሰግኚኛለሽ?"

"ሽሮውን ባይልኩ ኖሮ እኔም ሄጄ ነበር" አልኳቸው። "የኔም እናት ይኸን ጊዜ ከረጢት ትሰፋልኝ ነበር።"