ሞተሩን በፒፓ ያዳመጥኩ ዕለት

በደርግ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ ከእኔ የተሻለ መካኒክ ነበር የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። የሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አቦቦ እርሻ ላይ የተጣለ የውሃ ፓምፕ ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ገጥሜ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። የተረፉኝ ሁለት ቡሎኖች እስካሁን አሉኝ፤ ፓምፑ ያለ እነሱም ሠርቷል።

አንድ ጠዋት የጤና ጣቢያው መኪና ከጎግ ሲመለስ ሞተሩ ቋ ቋ እያለ እኔ ግቢ ገባ። የዘይት ግፊት የሚያሳየው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል። ተከትሎ የመጣው የቀበሌው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጆሮውን እንኳ ሳያስጠጋ ሾፌሩ ላይ ፈረደ።

«ያለ ዘይት ነድተህ ሞተሩን አቃጥለሃል። ይህ አሻጥር ነው!»

ያኔ በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሾፌሩ መኪናዋን «ልጄ» የሚሉ፣ ከጎሬ የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው።

«ዘይቷን ጠዋት ማታ ነው የማየው፣ በልጆቼ!» አሉኝ።

መለኪያውን መዝዤ አየሁ፤ ዘይቱ ሙሉ ነው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እስከ ምሳ ሰዓት ይስጡኝ» አልኩ።

የሞተር ውስጡን ለመስማት ረጅም ነገር ያስፈልጋል። ጎረቤቴ የአኝዋክ አሮጊት ክንድ ተኩል የሚሆን ፒፓቸውን እያጨሱ ከአጥሩ ማዶ ያዩናል።

«እማማ፣ ፒፓዎን ያውሱኝ።»

«አንተ ትንባሆ የለህም።»

«ለእኔ አይደለም፣ ለመኪናው ነው።»

«መኪና የራሱ ጭስ አለው!» ብለው ሳቁ፤ ግን ዘንጉን ነቅለው ሰጡኝ።

ሞተሩን አስነስቼ አንዱን ጫፍ ሆዱ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ዘይት ያጣ ሞተር የሚጮኸው ከታች ነው፤ ከታች ግን ሰላም ነው። ባትሪ ወደሚሞላው ዲናሞ ሳመጣው ጆሮዬን ሊበሳኝ ደረሰ። የጎግ መንገድ የዲናሞውን ቡሎን አላልቶት፣ ብረት ከብረት ይላተማል። አጠበቅኩት፤ ቋቋታው ቆመ።

ቀስቱ ግን ከዜሮ አልተነሳም። ሊቀመንበሩ «ይኸው!» አለ።

ዛሬ ሴንሰር የሚሏትን፣ ሞተሩ ጎን ላይ ሆና የዘይቱን ግፊት ለቀስቱ የምትነግረውን ዕቃ፣ ሞተሩን አስጠፍቼ ፈታሁ። «ጓድ፣ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ጋሼ፣ ያስነሱት!»

ዘይቱ በቀዳዳው ፊን ብሎ የሊቀመንበሩን ካኪ ከአንገት እስከ ቀበቶ አለበሰው።

«ግፊት አለ ወይስ የለም?»

«አለ! አለ! አጥፉት!»

እንግዲህ በዚያ ግማሽ ቀን የሠራሁትን ልቁጠር፦ አንድ ቡሎን አጠበቅኩ። አንዲት ውሸታም ሴንሰር አጋለጥኩ። አንድ ሊቀመንበር ዘይት ቀባሁ፤ አልታሰርኩም። ሾፌሩን ለምሳ ወደ ልጆቻቸው መለስኩ። ፒፓውንም በሳሙና አጥቤ መለስኩ፤ አሮጊቷ ግን እስኪሞቱ ድረስ «ትንባሆዬ መኪና መኪና ይላል» እያሉ ከሰሱኝ።