የቤንዚኑ መመለሻ ቱቦ

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ስኖር እንጀራዬ በአሮጌ ቦክሲ በረዶ ማመላለስ ነበር። ቦክሲ የሚሉት ከኋላው ዕቃ የሚጫንበትን ትንሽ መኪና ነው። የእኔው በካርቡራቶር የሚሠራ፣ ቤንዚን የማይጠግብ ሽማግሌ ስለሆነ ወደ ኢንጀክሽን እንዲቀይርልኝ ለአንድ ያገሬ ልጅ ሰጠሁት።

ሰፈሩ «ባሽሙሃንዲስ» ይለዋል። ሱዳኖች ለማንኛውም መካኒክ የሚሰጡት የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ እሱ ግን ለብቻው የተሰጠው ሹመት ይመስለው ነበር። ቱታው ላይ የዘይት ጠብታ አይቼ አላውቅም። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የሠራቸውን መኪኖች ፎቶ ያሳያል። አንዱም ሲሄድ የተነሳ የለም፤ ሁሉም ቆመው ነው።

ፓምፑንና ኢንጀክሽኑን ገጠመ። አዲሱ ፓምፕ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ቤንዚን ስለሚገፋ የተረፈው በሌላ ቱቦ ወደ ታንኩ መመለስ አለበት። ይህን እኔም ሰምቼ ነበርና ጠየቅሁት።

«መመለሻው የታለ?»

«ፓምፑ መግቢያ ላይ ቀጠልኩት። እስከ ታንክ ድረስ ምን አንከራተተው? ዞሮ ዞሮ ያው ቤንዚን ነው።»

«ታንኩን ማውረድ ሰልችቶህ ነው?»

«አንተ በረዶህን ሽጥ» አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ደህና ሄደ። አንድ ቀትር ላይ ግን ለሠርግ በረዶ ጭኜ ወደ ዐማራት ስሄድ፣ የጥቁር ዓባይን ድልድይ እንደተሻገርኩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ደውዬለት በራክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ መጣ። ሳይወርድ መኪናውን ቃኘና «የምትቀዳው ቤንዚን ቆሻሻ ነው፤ ማደያ ቀይር» አለኝ። ከዚያ ባለራክሻውን «ያላ፣ እንሂድ» ብሎ አስመለሰው።

የጫንኩት በረዶ እየቀለጠ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከሥር ገብቼ ፓምፑን ብነካው እጄን ፈጀኝ። ያው ቤንዚን ታንኩን ሳያይ ከፓምፕ ወደ ጋለ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ፓምፕ ሲሽከረከር ፈልቶ ኖሯል። ከጭነቱ ስባሪ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ፓምፑ ላይ አሰርኩ። ጥቂት ቆይቼ ቁልፉን ባዞረው ተነሳ። ሠርጉ ቤት የደረሰው ግማሹ በረዶ ነው። የሙሽራዋ አጎት የተረፈውን አየ፣ እኔን አየና ፊቱን አዙሮ ገባ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ባሽሙሃንዲስ አልተመለስኩም። ቤንዚኑን አራግፌ ታንኩን ራሴ አወረድኩ፤ ላዩ ላይ በብሎን የሚታሰር የመመለሻ አፍ አስገጠምኩ። ቱቦውን የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከሌለበት በኩል በሻንሲው ጎን ወሰድኩና እንዳይፋቅ በየቦታው አሰርኩት። ባለቤቴ መፍቻ እያቀበለችኝ፦

«እሱ ይህን ማድረግ አቅቶት ነው?» አለች።

«ልብሱ እንዳይቆሽሽ ብሎ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ቦክሲው በዚያ ሁሉ ሐሩር አልቆመብኝም። ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቤንና ጎረቤቶቼን ጭኜ ወደ ገዳሪፍ ልነሳ ስል ባሽሙሃንዲስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። የሰው መኪና ሲያበላሽ የኖረ፣ የራሱ ብስክሌት እንኳ የለውም። አልራራሁለትም። ባለቤቴ «ይውጣ» ስላለች ግን ከኋላ ወጣ።

መንገዱን ሙሉ ለተሳፋሪዎቹ ይህን መኪና እንዴት ወደ ኢንጀክሽን እንደቀየረው ሲያስረዳ በመስኮቱ ይሰማኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ «እጅህ ይባረክ» አለችው። እሱም «አሜን» አለ።