በሙሴ መታወቂያ

ሙሴ የተሰነጠቀውን ስልክ ከማሞቂያው አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ሙጫው ላልቷል። ስስ ፕላስቲክ አስገብቶ ዙሪያውን አስኬደ፤ ስክሪኑን በቀስታ አላቆ መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለ፣ ቀጥሎ የስክሪኑን ገመድ። የአሮጌውን ሙጫ ርዝራዥ ጠራረገና አዲሱን ስክሪን ሳያጣብቅ ሰክቶ አበራው። ሳይሞክሩ ማጣበቅ የሰነፍ ሥራ ነው። ጂንካ ገበያ ዳር ባለችው ሱቁ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም። የእሱ ስህተት ሌላ ነው።

ስልኩ እንደበራ የአንድ ውርርድ ድርጅት መልእክት ጮኸ። ሙሴ ፊቱን አዞረ።

የሙሴ ወዳጅ ኤርጎ ከቱርሚ ወዲያ የሚኖር ሐመር ከብት አርቢ ነው። ወዳጅነታቸው ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው፤ የኤርጎ አባት ፍየል፣ የሙሴ አባት ከአሪ ደጋ እህል እየሰጡ በክፉ ዓመት ተደጋግፈው ኖረዋል። እንዲህ ያለውን ወዳጅ እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ኤርጎ ስልክ ሲገዛ መታወቂያ ስላልነበረው፣ ሙሴ ሲም ካርዱን በራሱ ስም አወጣለት። ኋላም ሱቁ ደጅ ላይ ጎረምሶች በኳስ ሲወራረዱ አይቶ «ለእኔም ክፈትልኝ» ሲለው፣ አካውንቱን በዚያው በራሱ ስም ከፈተለት። ቅጹ ላይ «መረጃው የራሴ ነው» የምትል ሳጥን ነበረች። ምልክት አድርጎባት አለፈ። አጨዋወቱንም ያስተማረው እሱ ነው።

ኤርጎ መጀመሪያ ቀናው። ከዚያ ለታናሽ ወንድሙ ጥሎሽ የተያዙት ፍየሎች አንድ በአንድ ወደ ገበያ ወጡ። አንድ ቀን መጥቶ በርኮታው ላይ፣ ይዟት በሚዞረው ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ፣ ተቀመጠና ጣቱን እያየ፣ «ይሄ እምቢ አለኝ። አንተ አስዘጋልኝ» አለ።

አብረው ወደ ውርርድ ቤቱ ሄዱ። ሠራተኛዋ ሄለን በጨዋ ደንብ አስረዳቻቸው። ፈቃድ ያለው ድርጅት ደንበኛውን በራሱ መታወቂያ መዝግቦ ዕድሜውን ማጣራት አለበት፤ መጫወት እንዳልችል ልታገድ የሚል ካለም እዚያ ቤት የሚታገደው የተመዘገበው ሰው ነው። ከዚያ ስክሪኑን አዞረችላቸው።

«አካውንቱ የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ሙሴ። እሳቸው እኛ ጋ የሉም።»

«ምን አለች?» አለ ኤርጎ፤ አማርኛው ፈጥኖ ሲነገር ያመልጠዋል።

ሙሴ ቀስ አድርጎ ነገረው። ሄለን አካውንቱን ዘጋች፤ ሙሴንም አገደች፣ አንድም ቀን ተወራርዶ የማያውቀውን ሰው። ኤርጎን ነገ በሌላ ወዳጅ ስም እንዳይከፍት የሚያግደው የለም።

ኤርጎ ውጭ ወጥቶ ሳቅ አለ። «ታዲያ የተሸጡት ፍየሎችም ያንተ ነበሩ በለኛ።» በርኮታውን ከመሬት አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልረገጠም፤ ስልኩም አይነሳም። ሙሴ ሲሙን ማስዘጋት ይችላል፤ በስሙ ነው። ግን ካስዘጋው፣ ኤርጎ ልደውልለት ቢል በምን ይደውላል?

አሁን አዲሱን ስክሪን አጣብቆ፣ እስኪይዝ በላስቲክ ጠፍሮ አስቀመጠው። ወደ ቱርሚ የሚወርድ ሰው በሱቁ በኩል ባለፈ ቁጥር የሚለምነውን፣ ይህን የምታነቡትንም ይለምናችኋል። ገበያ ላይ ኤርጎን ካገኛችሁት ሙሴ ይቅርታ ይልሃል በሉት። ደግሞም መታወቂያ የሚያወጣ ከሆነ እኔው አብሬው እሰለፋለሁ፣ በራሱ ስም እስኪታገድም አብሬው እቆማለሁ ብሏል በሉት።