በጎረቤቴ ቀንቼ ያወጣሁት እውነት

ይህ የሆነው አምና በሚያዝያ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ቤታችን ነው። ሰው በሰባ ሦስት ዓመቱ በጎረቤቱ ይቀናል ወይ ብላችሁ አትድከሙ፤ ራሴን ስታዘብ ስለከረምኩ የእናንተ ድርሻ አልቋል።

የልጅ ልጄ ማስተዋል የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ አንድ ግጥም ተንትናችሁ አምጡ ብሏቸዋል። ግጥሙ በልጅነቱ ብቻውን ወንዝ ዳር ሲውል ውሃውና ገደሉ ልቡን ስለገሩት ሰው ነው። ከትንታኔው ጋር አንድ ሽማግሌ ጠይቀው፣ እንዲህ ያለ የልጅነት ታሪክ መጻፍም ነበረባቸው።

ሽማግሌ እቤቷ ተጎልቶ፣ እሷ ደብተሯን ይዛ ጎረቤታችን መምህር ዓለሙ ዘንድ ሄደች። ጡረተኛ ነው። ዕድሜው ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። ሁለቱንም ይቅር ብዬው አላውቅም።

አጥሩን ተጠግቼ አዳመጥኩ። እሱ ስላደገበት ጫካ ያወራል፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ ሳወራ እስክሪብቶ አንስታ አታውቅም። አንገቴን ሳሰግግ የአጥሩ እንጨት ቀጭ አለና ሁለቱም ዞሩ። ዶሮ እየፈለግኩ ነው አልኩ።

«ጋሼ፣ ዶሮ አላችሁ እንዴ?» አለኝ መምህር ዓለሙ።

ማስተዋል አንገቷን ደፋች። ዶሮ የለንም።

እቤት ስትመለስ እኔን ለምን አልጠየቅሽም አልኳት።

«አባባ፣ የእርስዎ ወሬ ያስቃል እንጂ አይጻፍም። በየጊዜው ይለዋወጣል።»

እውነቷን ነው። ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተምሬ አስመስክሬ ወጣሁ እያልኩ ነው ልጆቼንም የልጅ ልጆቼንም ያሳደግኳቸው። ጨዋታው ሲሞቀኝ አራት ዓመት ይሆናል። ያን ቀን ግን ቅናቱ አንቆ እውነቱን አስተፋኝ።

በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ሰከላ የቅኔ ተማሪ የነበርኩት አምስት ወር ብቻ ነው። ተማሪው ለየብቻው ተበትኖ፣ ዛፍ ሥር ወይ ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ያዘጋጅና ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል። አንድ የሐምሌ ቀን አፋፉ ላይ እንዳለሁ ጉም ዋጠኝ። እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ። ወንዙ ከታች ይጮኻል። የያዝኳት ቃል ሁሉ ከልቤ ጠፋች። ጉሙ ሲገለጥ ሸለቆው ከነወንዙ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ማንም ሳይነካኝ አለቀስኩ። ባዶ አፌን ይዤ የኔታ ፊት ለመቆም አፈርኩና በዚያው ወደ አገሬ ጠፋሁ።

ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ማስተዋል እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ የመምህር ዓለሙን ገጽ ገነጠለችና የእኔን ጻፈች። ደስታዬ ዕድሜዬን የሚመጥን አልነበረም።

ደስታው ግን አልሰነበተም። ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀኝ ስለዚያ ጉም ስለዋጠው ልጅ ብቻ ነው። ምን ለብሶ ነበር፣ እንዴት ብቻውን አገሩ ደረሰ ትለኛለች። ባለፈው ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ «ያን ልጅ ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ።

በመምህር ዓለሙ መቅናቱን ትቻለሁ። አሁን የምቀናው በዚያ ልጅ ነው። ስድሳ ዓመት ደብቄ ያኖርኩት ልጅ፣ ብቅ ባለ በአንድ ቀን የልጅ ልጄን ወሰደብኝ።