ፈረሱ የሚተፋው ሣር

መጋዝ ስትስል ሠላሳ ዓመት የሞላትን ሴት ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ ሞረድ» ነው የሚላት። አናጢዎች የደነዘዘ መጋዛቸውን ይዘውላት ይመጣሉ፤ እሷ ጥርሱን በጣቷ ዳበስ አድርጋ ምን ዓይነት እንጨት ሲቆርጥ እንደከረመ ትነግራቸዋለች። አንድ ነገር ካልገባት ደግሞ የምትበላው አይጣፍጣትም።

አንድ ቀን ታናሽ እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። የእህቷ ባል ባለጋሪ ነው። ፈረሱ ሣሩ ሳይጓደልበት ከስቶ ጎድኑ ይቆጠራል፤ ባለጋሪው አርጅቶ ነው ብሎ ሊሸጠው ቆርጧል። ይህን ሲያጫውታት ጆሮዋ እሱ ጋ ቢሆንም ዓይኗ ግርግሙ ሥር ነበር። እርጥብ ሣር እንደ ክር ተድቦልቡሎ ወድቋል። አንዱን አንስታ ፈታችው። ሣሩ ተጨፍልቋል እንጂ አልተፈጨም።

«ይሄ እኮ እየበላ አይደለም፤ አላምጦ እየተፋ ነው» አለችው። «ጥርሱን አይተህለታል?»

ባለጋሪው የፈረሱን ከንፈር ገልጦ የፊት ጥርሶቹን አሳያት፤ አንድም አልጎደለም። እሷ ግን እነዚህ የሚያጭዱ ከሆኑ የሚፈጨው የትኛው ነው ብላ ሙጭጭ አለች። ቢቸግረው የእንስሳት ሐኪም ጠራ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ለፈረሱ ማረጋጊያ መርፌ ወግታ፣ አፉን ከፍቶ የሚይዝ ብረት አጥልቃ በባትሪ ታየው ጀመር። እትዬ ሞረድ ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ መቆሟን ብታይ፣ እጇን ታጥባ እንድትዳብስ ፈቀደችላት። ከፊት ጥርሶቹ ቀጥሎ ልጓም የሚያርፍበት ባዶ ድድ አገኘች። ከዚያ ወዲያ መንጋጋዎቹ ተደርድረዋል። የላይኞቹን የውጭ ጠርዝ ስትነካ ጣቷን ሰብሰብ አደረገች።

«ይሄማ ትናንት የሳልኩት መጋዝ ነው።»

ሐኪሟ አስረዳቻት። የፈረስ ጥርስ በየዓመቱ ከድዱ ትንሽ ትንሽ ብቅ እያለ፣ ሲያላምጥበት ደግሞ እየተሞረደ ይኖራል። ግን የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል፣ ሳይፋጭ የሚቀረው ጠርዝ ይሾላል፤ ከላይ ጉንጭ፣ ከታች ምላስ ይቆርጣል። የዚህም ፈረስ ጉንጭ ቆስሏል። እትዬ ሞረድ ዕድሜ ልኳን ጥርስ ስትስል ኖራለች፤ ጥርሱ ስለት በዝቶበት የሚራብ ፍጡር አለ ያላት ሰው ግን አልነበረም።

መሞረድ ነበረበት። የሐኪሟ ባለረጅም እጀታ ሞረድ ግን ፊቱ አልቆ ነበር። እትዬ ሞረድ ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችውና ወደ ሱቋ ይዛው ሄደች። በማግስቱ አዲስ ስለት ገጥማ፣ ድድ እንዳይቧጭር ጠርዙን አለስልሳ መለሰችው። ሐኪሟ ስትሞርድ እሷ ባትሪውን ያዘች።

በሳምንቱ ግርግሙ ሥር የሚወድቀው ሣር ጠፋ። ሁለት ወር ሳይሞላ የፈረሱ ጎን ሞላ፤ ባለጋሪውም ሊሸጠው እንደነበር ሲያነሱበት ወሬ ይቀይራል።

እትዬ ሞረድን ግን ነገሩ አልለቀቃትም። የጎረቤት ላም አፍ ገልጣ ከላይ የፊት ጥርስ ብታጣ፣ ረግፎባት ነው ብላ ደንግጣ ለሐኪሟ ደወለች።

«ኧረ እትዬ፣ ድሮም የላትም» አለቻት ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «በሱ ፈንታ ጠንካራ ድድ ነው ያላት።»

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ራሷ ደወለች። አንዲት አህያ መብላት እምቢ ብላለችና አብረውኝ ይሄዳሉ ወይ አለቻት። እትዬ ሞረድ እየሳለችው የነበረውን መጋዝ ግማሹ ላይ ትታ ተነሣች። አናጢው ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀረ።