ያልተተኛበት ጋቢ

የመጦሪያ ገምጋሚ የሆንኩት ሸማ ተራ ያለውን ሱቄን ለልጄ ባስረከብኩ በዓመቱ ነው። ወረዳው ከነዋሪው አንድ ተወካይ ፈልጎ ነበር። የሰፈሩ ሰው “እትዬ ብርቄ ይሁኑ፤ እሳቸው ዝም አይሉም” አለ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቅጹን ለማንበብ በቃኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሆነን ወደ መንግሥት የአረጋውያን መጦሪያ ሄድን፦ የወረዳው ባለሙያ አቶ ታደለ፣ አንዲት ነርስ እና እኔ። ኃላፊው በር ላይ ጠበቀን። ወለሉ ታጥቧል፤ በየአልጋው ነጭ ጋቢ ተነጥፏል።

አቶ ታደለ በኃላፊው ፊት አዛውንቱን “ምግቡ እንዴት ነው? ልብሱስ?” ይላል። አንዱ “ተመስገን”፣ ሌላው “አልሐምዱሊላህ” ይላል። እሱም “በጣም ጥሩ” በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል።

እኔ ጨርቅ ሳልዳብስ አላልፍም። የአንዱን አልጋ ጋቢ ስዳብሰው የእጥፋት መስመሩ እንዳለ ነው። አንድ ሌሊት የተተኛበት ጋቢ እንዲህ ያለ መስመር አይኖረውም። ዕድሜዬን ሙሉ ጋቢ ሳጥፍና ስዘረጋ ነው የኖርኩት።

አልጋው የጋሽ በድሩ ነበር። ድሮ ሶማሌ ተራ ተሸካሚ ነበሩ፤ የእኔንም ጥቅል ስንት ጊዜ ሱቄ አድርሰውልኛል። ሌሎቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ ጎንበስ ብዬ፣ “ጋሽ በድሩ፣ ይሄ መቼ ተሰጠዎት?” አልኳቸው።

“ዛሬ ጠዋት። ስትሄዱ ይሰበስቡታል።” እጄን ያዝ አደረጉ። “ብርቄ፣ እሱ ነገረኝ እንዳትዪ። አንቺ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ እኔ የማድረው እዚሁ ነው።”

ብናገር ቂሙ በእሳቸው ላይ ነው። ዝም ብል ክረምቱን በብርድ ሊያልፉት ነው።

ቢሮ ገብተን ለመፈረም ስንቀርብ “አልፈርምም” አልኩ።

“ምነው እማማ?” አለ ኃላፊው።

“ጋቢው ከመጋዘን የወጣው ዛሬ ነው።”

“ማን ነገረዎት?”

“ማንም አልነገረኝም። ሸማ ነጋዴ ነኝ። ና፣ እጥፋቱን ላሳይህ።”

ከጋሽ በድሩ ሩቅ ካለው አልጋ ጀምሬ አዞርኩት። አራተኛው ላይ አንገቱን ደፋ።

“ከሰጠናቸው እኮ ያቆሽሹታል፣ እማማ።”

“ታዲያ የተሸመነው ለእኔ ዓይን ነው?”

አቶ ታደለ “እትዬ፣ ነገሩን አያክርሩት” አለኝ። አከረርኩት። በመጨረሻ “ደካማ” ተብሎ ተጻፈ፤ ጋቢዎቹም ላይሰበሰቡ ተፈራረምን። በማግስቱ ከሸማ ተራ ሁለት ጥልፍ ጠላፊዎች ይዤ ሄጄ፣ በየጋቢው ጫፍ የባለቤቱን ስም በቀይ ክር አስጻፍኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሳናስታውቅ ሄድን። ዝናብ ነበር። ጋሽ በድሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ሲያዩኝ አፈሩ።

“ብርቄ፣ ሻይ ደፋሁበት። አቆሸሽኩት።”

“እሰይ!” አልኩ።

“እዚህ ጋ ምን ልሙላ?” አለ አቶ ታደለ።

“ጥሩ በል።”

“በቆሸሸ ጋቢ?”

“በቆሸሸ ጋቢ። መቼ እንደሚታጠብ ግን ጠይቅልኝ።”

ጋሽ በድሩ ዛሬ የሉም። የእኔም ጉልበት ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎ ሥራውን ትቻለሁ። ያ ክፍል ግን ይናፍቀኛል፤ ቅጹ ከተሞላ በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የድሮ መርካቶን በሳቅ የምናነሳበት ጊዜ ይናፍቀኛል።

በእኔ ቦታ ለተተኩት የምለው ይህን ነው፦ ሳታስታውቁ ሂዱ። አዛውንቱን ኃላፊው በሌለበት ጠይቁ። የነገሯችሁን ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁ ግን አትጻፉ።