ሕሩይ የረታበት ክስ

ሕሩይን የሚወድ ሰው ካለ ቀልዱን የሰማ እንጂ የተቀለደበት አይደለም። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ፍራንክፈርት ወንዝ ወደብ፣ ኦስትሃፈን ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሠላሳ አራት ዓመት ሽታፕለር ነድቷል፤ ያቺን ባለ ሹካ መኪና እያሽከረከረ የሰው ዕቃ ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሯል። ወገቡ አልቋል፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ምላሱ ግን ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጊንሃይም ሰፈር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ልጁ ሕሊና ማንሃይም ከተማ ናት፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች።

ይህ ምላስ ዋጋ አስከፍሎታል። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ላይ በቀለዳት ቀልድ ሰባት ወር ታስሯል። ቀልዷ ዛሬ ብትነገር ማንንም አታስቅም፤ ሊቀመንበሩ ግራና ቀኙን አዛንቆ ተጫምቶ ስብሰባ መጣ ነው ነገሩ። ግን ሰባት ወር ሰባት ወር ነው። በሱዳን አድርጎ ፍራንክፈርት ሲገባ «እኔ ለአፌ ስል አገር የለቀቅሁ ሰው ነኝ» የሚል ማዕረግ ይዞ ገባ። ማዕረጉን አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ሲያሳይ ኖረ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መጋዘን፣ ሠርግ ቤት፣ የትም ቢሆን ሰው አንድ ነገር ለመናገር ሲያቅማማ ካየ «ፈሪ!» ይለዋል። ፊት ለፊት ነው የሚለው።

በአገር ቤቱ ጦርነት ጊዜ ኦስትኤንድ ሰፈር ያለው የአረጋውያን ማኅበር ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ወንበር ተወራውሯል። ሠላሳ ፋሲካ አብረው የፈሰኩ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፍገዋል። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ገላነሽ ዕድሜዋን በነርስነት የጨረሰች፣ የማይድን ቁስል አይታ የማትደነግጥ ሴት ናት። ጦርነቱ ሲያበቃ ደንቡ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አስገባች። በማኅበሩ መድረክ የአገር ቤት ፖለቲካ አይነሳም፤ ያነሳ ስድስት ወር ይታገዳል። ስለ ሌላ አገር ግን የፈለገ የፈለገውን ይበል።

«ከቀበሌ አምልጬ ነርስ እጅ ወደቅሁ» አለ ሕሩይ፣ ያን ዕለት። ቢሆንም ደንቡ የተወለትን ቀዳዳ ወዲያው አየ። ሌላ አገር ይቻላል። ሌላ አገር ደግሞ እንግሊዝ ነው፤ ቋንቋውን ሁሉም ተማሪ ቤት ቀምሶታል፣ ጉዱም አያልቅም። እንዲህ ሆኖ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ወንበር መድረክ ላይ ወጣ። በአንዱ ሕሩይ፣ በሌላው ተኽኣ ተቀመጡ።

ተኽኣ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ ኤርትራዊ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከሕሩይ ጋር በአንድ ፈረቃ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ዝምተኛ ነው። ሕሩይ ይጮኻል፣ ተኽኣ ደግሞ ዝም ብሎ ይቆይና በአንዲት ቃል ያስተነፍሰዋል።

«የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከኛ ሀውስማይስተር፣ ከሕንፃ ጠባቂያችን ቶሎ ይቀየራል!» ይላል ሕሩይ። «አንዷ ሁለት ወር ሳትሞላ ወረደች!»

«እሱስ ይሻላል» ይላል ተኽኣ። «የኛ ሀውስማይስተር ቧንቧውን ሳይጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።»

የባሪያ ነጋዴው ሐውልት ወደብ ውስጥ ስለ መጣሉ፣ ማን የትኛው መጸዳጃ ቤት ይግባ ስለ መባሉ፣ ስልኩ ላይ በጻፈው ቀልድ ፖሊስ በሩን ስላንኳኳበት ሰው፣ ስለዚህ ሁሉ ይከራከሩ ነበር። ሕሩይ ሁልጊዜ ከመናገር ነጻነት ጋር ነው፣ ተኽኣ ከይሉኝታ ጋር። ሕሩይ ወደ አገር ቤት ነገር የተጠጋ ሲመስለው ሳል ያደርግና «ስኮትላንድ ማለቴ ነው» ይላል። ስኮትላንድ ሲባል ማን እንደሆነ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል፤ ሰማንያ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ወንበር የተወራወሩት ሰዎች በሰው አገር ጠብ አንድ ላይ መሳቅ ጀመሩ። ገላነሽም እያወቀች ዝም አለች።

ሕሩይ ከዚያች ቅዳሜ ሌላ ምንም የለውም። የቀረው ሃያ ዘጠኝ ቀን የጉልበት ቴርሚን፣ የዓይን ቴርሚን የሚሉት የሐኪም ቀጠሮና ከመስኮት ውጭ የቆመው የቴሌቪዥን ማማ ነው። ሌላም የሚያውቀውና ለማንም የማይናገረው ነገር አለ። ተኽኣ አጠገቡ ከሌለ እሱ የሚጮህ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ርዕሱ ትርኢቱ ስለ ተሰረዘበት አንድ እንግሊዛዊ ቀልደኛ ነበር። የአዳራሹ ባለቤት ሕዝብ ይቀየማል ብሎ በሩን ዘጋበት። ሕሩይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ደሙ ይሞቃል። ተነስቶ ቆመ።

«ይቀየማ! ተቀይሞ የሞተ ሰው አለ? ሰው ያመነበትን ይናገር፣ የሚፈራ ቤቱ ይቀመጥ! የምጠላው ነገር ቢኖር፣ ልቡ የሚያውቀውን ለጎረቤት ሲል የሚውጥ ሰው ነው!»

ጭብጨባው ሲያባራ ተኽኣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አንድ እንግሊዛዊ አውቃለሁ» አለ። «ለንደን ነው የሚኖረው። ስለ መናገር ነጻነት ሲያወራ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አንድ ስኮትላንዳዊ ወዳጅ ነበረው። ስኮትላንዳዊው እህቱ ሞተችበት። እንግሊዛዊው አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከለቅሶው ቤት ፊት ለፊት ፌርማታ አለ። እዚያ ቆመና የባቡር ሰሌዳ ማንበብ ጀመረ። አንዱ ባቡር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ሲመጣ ከነውሃው ተሳፍሮ ሄደ። ስኮትላንዳዊው በመስኮት ያየዋል። ምን አለ መሰላችሁ? ‹ወይ ጉድ፣ የመናገር ነጻነቱን ቤቱ ረስቶት መጥቶ ነው፤ ሊያመጣው ተመለሰ።› እስከ ዛሬ እየጠበቀው ነው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ከፊት የተቀመጡ ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ። የሕሩይ ተራ ደረሰ። አፉ ላይ የቀረችውን ፈገግታ የት እንደሚያደርጋት አላወቀም።

ነገሩ እውነት ነዋ። ከአራት ዓመት በፊት የተኽኣ እህት በምትኖርበት ከተማ ጦርነቱ ደርሶባት ሞተች። የማን ጥይት እንደሆነ እኛም እዚህ አንናገርም። ተኽኣ ኦስትኤንድ ቤቱ ለቅሶ ተቀመጠ። ሕሩይ ከቅዳሴ በኋላ አብሯቸው የሚቆም ሰዎች ነበሩት። አንዱ «እዚያ ቤት የሄደ ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር አይቁም» አለ። ሕሩይ፣ ያ ለአፉ ሲል አገር የለቀቀው ሕሩይ፣ መልስ አልሰጠም። በማግስቱ ውሃ ገዝቶ ሄደ። ፌርማታው ላይ ቆሞ የሰዎቹን ፊት አሰበ፤ ከዚያ ተመለሰ። ውሃውን ራሱ ጠጣው። ለማኅበሩ ሰዎች ኮሮና ይዞኛል አለ፤ በኋላም ለተኽኣ «ኮሮና ይዞኝ ነበር» አለው። ተኽኣም «እግዚአብሔር ይማርህ» አለው። ሕሩይ ከሰው ዓይን ያመለጠ መስሎት ኖረ።

ለካስ ተኽኣ ያን ዕለት በመስኮት እያየው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አይቶ፣ አብሮት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አብሮት ስቆ፣ ቀኗን ጠበቀ! ሕሩይ ሽትራሰንባን በሚሉት የከተማ ባቡር ወደ ጊንሃይም ሲመለስ ጥርሱን እያፋጨ ነበር። ኀፍረቱን እንደ ኀፍረት አላወቀውም። ጥላቻ ነበር የመሰለው፣ ጥላቻ ደግሞ ለእሱ ይቀለዋል።

እሁድ ሕሊና ስትደውል «ተኽኣ በሕዝብ ፊት አዋረደኝ» አላት። ነገሩን ከነፌርማታው ነገራት። ልጁ በአማርኛ ሰምታ በጀርመንኛ ትመልሳለች።

«ሀት ኤር ገሎገን፣ ፓፓ?» አለችው። ዋሽቷል ወይ ማለቷ ነው።

«ዋናው እሱ አይደለም!» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሰኞ ክስ ጻፈ። ያንን ሲያላግጥበት የኖረውን አንቀጽ በቁጥሩ ጠቅሶ፣ አቶ ተኽኣ በመድረክ ላይ የአገር ቤት ጉዳይ ስላነሳ ደንቡ ይፈጸምበት ብሎ ፈረመ። ቀበሌም ሰባት ወር ያሰረው ከዚህ ባልረዘመ ደብዳቤ ነበር። ይህ ትዝ ብሎት እንደሆነ እንጃ፤ ትዝ ቢለውም እጁን አልያዘውም።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፎቅ ላይ ባለው የማኅበሩ ቢሮ ተሰበሰበ። ገላነሽ ኮምፒውተሯን ከፍታ ፕሮቶኮል የሚሉትን ቃለ ጉባኤ ለመጻፍ ተዘጋጀች፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት ከጎኗ ተቀመጡ። ተኽኣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ ሕሩይ፣ እኔ የሰማሁት ስለ እንግሊዝ ነው» አለች ገላነሽ። «ለንደን ተባለ፣ ስኮትላንድ ተባለ። የአገር ቤቱ ነገር የቱ ጋ ነው?»

«ስኮትላንድ ማለት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«እኔ የማውቀውን አይደለም የምጽፈው። አንቱ የሚሉኝን ነው።» ወደ ተኽኣ ዞረች። «ጋሽ ተኽኣ?»

«ስለ እንግሊዝ ነው የተናገርኩት» አለ ተኽኣ። «ኣይ፣ ካልሆነ ሰውየው ማን እንደሆነ ሕሩይ ይንገራችሁ።»

ገላነሽ መነጽሯን አወለቀች። ነገሩ በእጇ ሳይፈርስ ሊያልፍ እንደሚችል ታውቃለች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ሕሩይ፣ ሰውየው እንግሊዛዊ ከሆነ ፋይሉን እዘጋለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ሁለታችሁም ወንበራችሁ ላይ ናችሁ። አይደለም ካሉ ግን ስም እፈልጋለሁ።»

መውጫው ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። አንዲት «ይሁን» ብቻ ነው የምታስፈልገው። ሕሩይ ቀና ሲል ግን የተኽኣን ፊት አየ። ተኽኣ ፈገግ ብሎ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፣ ሕሩይ ግን ፈገግታ አየ። «ይህ ሰውዬ ‹አይናገርም› ብሎኛል፣ ‹ፈሪ ነው› ብሎኛል» አለ በልቡ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«እኔ ነኝ!» አለ። «ሰውየው እኔ ነኝ! ፌርማታው ይሄ እዚህ ማዶ ያለው ነው፣ ውሃውን ይዤ የተመለስኩትም እኔ ነኝ። የሞተችው የሱ እህት ናት፣ የሞተችውም በአገር ቤት ጦርነት ነው። እንግሊዝ የለም፣ ስኮትላንድ የለም! ጻፊ!»

ገላነሽ አልጻፈችም። 

«ኮሮና ይዞኛል ብለውን አልነበር?» አለች። «እኔ ራሴ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ሾርባ ይዤ መጥቼ፣ በርዎ ላይ አስቀምጬ አልሄድኩም?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጹን አንብቢ።»

አነበበችው። ደንብ ደንብ ነው፣ ያወጣችውም እሷ ናት። ከሳሹ በራሱ አፍ አስረድቷል፤ ንግግሩ ስለ አገር ቤት ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ እጁን ሲያወጣ ሕሩይን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ተኽኣ ለስድስት ወር ከመድረክ ታገደ። ሕሩይ ረታ። ፕሮቶኮሉ ታትሞ በእጁ ተሰጠው። ለመሰናበት ግን ማንም እጁን አልዘረጋለትም።

ተኽኣ ቀድሞ ወጣ። ሕሩይ ወንበሩ ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ የገዛ ቃሉ መልሶ ጆሮው ገባ። የሞተችው የሱ እህት ናት። ይህን ነገር በአራት ዓመት ውስጥ ከአፉ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነበር፤ ያወጣውም ሰውየውን ለማስቀጣት ነው።  በዚያ ባለቀ ጉልበቱ ደረጃውን እየዘለለ ወረደና ተኽኣን ከውጭው በር ላይ ደረሰበት።

«ተኽኣ!»

ተኽኣ ቆመ። ዘወር ብሎ ጠበቀው። ሕሩይ ትንፋሹ እስኪመለስ ግድግዳውን ያዘ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። «ስለ እህትህ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ተኽኣ የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈ። ቆልፎ ሲጨርስ ሕሩይን አየው፤ ጥላቻውንም ሊደብቀው አልሞከረም።

«ይህን ለማለት ክስ አስፈለገህ?» አለ።

በሩን ከፍቶ ወጣ። ሕሩይ ፕሮቶኮሉን እንደያዘ ማዶ ወዳለው ፌርማታ ተሻገረና የባቡር ሰሌዳ ማንበብ ጀመረ።